ቤት ውስጥ ዋይፋዩን ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም እንዴት ነው ማየት ምችለው? (ጀማሪ ነኝ)

ሊያ_ጎሮ፦
ሰላም ወገኖች። ጎሮ አካባቢ ነው ምንኖረው፣ ግቢ ውስጥ እኛ አለን ከኋላ ደግሞ ሁለት ሰርቪስ ቤት አከራይተናል፣ ዋይፋዩን ስናከራይ ተስማምተን ነው አብረን የሰጠናቸው። ቀን ቀን ምንም አይልም፣ ስፒድ ቴስት ሳደርግ ዳውንሎዱ 10 ሜጋ አካባቢ አፕሎዱ ደግሞ 2 ሜጋ አካባቢ ይመጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን በቃ ሙት ነው፣ ዩቲዩብ ይሽከረከራል፣ ከቤት ስለምሰራ ሚቲንግ ላይ ድምፄ ይቆራረጣል፣ የቴሌግራም ኮል እራሱ አይሰማም። እማዬ «ተከራዮቹ ናቸው የጨረሱት፣ ፓስወርዱን ቀይሪው» ትላለች። እኔ ግን ሳላይ ሰው ላይ መናገር አልፈልግም፣ ልጆቹ ጨዋ ናቸው ኪራይም በሰዓቱ ነው ሚከፍሉት። ማን ስንት እየወሰደ እንደሆነ በቁጥር ማየት ነው ምፈልገው። ላፕቶፔ ላይ ግላስዋየር ሚባል የኢንተርኔት አጠቃቀም ሚያሳይ ፕሮግራም ጭኜ አየሁት ግን የራሴን ብቻ ነው ሚያሳየኝ። ምን ላርግ? በናታችሁ ለጀማሪ በሚገባ መልኩ

አባ_ኬብል፦
እህቴ መጀመሪያ ሳታዪ አልናገርም ማለትሽ ደስ ይላል፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው።

ግላስዋየር ያንቺን ብቻ ያሳየሽ ተበላሽቶ አይደለም ስራው እሱ ስለሆነ ነው። የተከራዮቹ ስልክ ከኢንተርኔት ሚያመጣው ነገር ባንቺ ላፕቶፕ በኩል አያልፍም፣ ቀጥታ ከራውተሩ ወደነሱ ነው ሚሄደው። የሁሉም ትራፊክ ሚያልፍበት አንድ ቦታ ራውተሩ ብቻ ነው፣ ልክ የግቢው ውሃ ቆጣሪ በር ላይ እንደሚቀመጠው። ስለዚህ የሁሉንም ማየት ከፈለግሽ ራውተሩ ውስጥ ነው ምትገቢው፣ ላፕቶፕ ላይ ወይ ስልክ ላይ ምትጭኝው ሶፍትዌር የዛን እቃ ብቻ ነው ሚነግርሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ያዢ። ስፒድ ቴስት ላይ 10 ሜጋ ሲልሽ 10 ሜጋቢት ነው፣ ፋይል ስታወርጂ ምታዪው ግን ሜጋባይት ነው፣ 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ ያንቺ 10 ሜጋ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው ማለት ነው፣ በሰዓት ሲሰላ 4.5 ጊጋ። ኔትፍሊክስ እራሱ እንደሚለው ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይወስዳል። ሁለት ሰው እኩል ኤችዲ ከከፈተ 6 ጊጋ ይፈልጋሉ ያንቺ መስመር ደግሞ 4.5 ነው ሚያሳልፈው፣ ማንም ምንም ጥፋት ሳያጠፋ መስመሩ ሞላ ማለት ነው። ይሄን ሂሳብ ሳያውቁ ቁጥር ማየት ብቻውን አይጠቅምም።

አሁን ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይ 192.168.100.1 ብለሽ ግቢ፣ ትክክለኛው አድራሻና ዩዘርኔሙ ራውተሩ ከስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ውስጥ «ስታቲስቲክስ» ወይ «ትራፊክ» ወይ «ኮኔክትድ ዲቫይስ» ሚል ካገኘሽ ያየሽውን እዚህ ጻፊልን።

ቢኒ_22፦
ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል ኔትካት ሚባለውን ፕሮግራም አውርጂና ማን እንዳለ እይው፣ የበዛበትን ቁረጪው አለቀ። ካምፓስ እያለን እንደዛ ነበር ምናደርገው

አባ_ኬብል፦
ቢኒ ወንድሜ በሱ አልስማማም። ኔትካት ሚሰራው ሌሎቹን እቃዎች «ራውተሩ እኔ ነኝ» ብሎ በማታለል ነው፣ ሰውዬው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኢንተርኔቱ ይጠፋበታል። ካምፓስ ውስጥ ስንት ልጅ አሳይመንት ሊልክ ሲል የተቆረጠበት በዚህ ምክንያት ነው። የሷ ጥያቄ ደግሞ ማን ስንት ወሰደ ነው እንጂ ማንን ልቁረጥ አይደለም። ዝርዝሩን ለማየት ከሆነም ራውተሩ ውስጥ አለ፣ ሰውን ሳይነካ።

ማሂ_ባህርዳር፦
ሊያ ዝርዝሩ ውስጥ ስትገቢ ስም የሌላቸው እቃዎች ካየሽ እንዳትደነግጪ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አይፎን ደግሞ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለዋይፋይ እውነተኛውን የማክ አድራሻ (እቃው ኔትወርክ ላይ ሚታወቅበትን መለያ ቁጥር) አይሰጡም፣ ለየዋይፋዩ የፈጠራ አድራሻ ነው ሚሰጡት። ብዙ ሰው «የማላውቀው እቃ ገብቷል ተጠለፍኩ» ይላል የገዛ ስልኩ ሆኖ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ አንድ አንድ እያልሽ ዋይፋዩን ማጥፋት ነው፣ ካንዱ ስልክ ስታጠፊው ከዝርዝሩ ሚጠፋው እሱ ነው፣ ወረቀት ላይ ጻፊው። አንድ ስልክ አንድ ዋይፋይ ላይ በአብዛኛው ያንኑ አድራሻ ደጋግሞ ስለሚጠቀም አንዴ ከለየሽው በኋላ አይቀያየርብሽም።

ሊያ_ጎሮ፦
ገባሁ! 11 እቃ አለ። ማሂ እንዳልሽው እያጠፋን ለየናቸው፣ ተከራዮቹንም «ኔትወርኩን እያስተካከልኩ ነው» ብዬ ነግሬያቸው እነሱም ተባበሩኝ። ግን ማን ስንት ወሰደ ሚል የለም ስም ብቻ ነው ያለው። ስታቲስቲክስ ሚል ገጽ አለ፣ እሱ የሁሉንም ድምር ነው ሚያሳየው በባይት። እሱም ግራ ሚያጋባ ነው፣ ጠዋት ወደ 3 ቢሊዮን ምናምን ነበር ከሰዓት ሳየው ወደ 600 ሚሊዮን ወርዷል። እንዴት ይቀንሳል ቆጣሪ?

ኪሩቤል_ኔት፦
ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው መብራት ጠፍቶ ከነበረ ነው፣ እንደዚህ አይነት ራውተር ቁጥሩን ሚሞሪ ላይ ብቻ ስለሚይዘው ሲጠፋ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ቆጣሪያቸው 32 ቢት ነው፣ 4,294,967,295 ባይት ሲደርስ ማለትም 4 ጊጋ አካባቢ ላይ ተመልሶ ዜሮ ይላል። ቤት ውስጥ ፊልም ሚያይ ሰው ካለ ይሄ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የዛን ገጽ ድምር ለወር ሂሳብ እንዳታምኚው። ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል፣ ማታ ሲንቀራፈፍ ገጹን ክፈቺና ቁጥሩን ጻፊ፣ ልክ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሪፍሬሽ አድርገሽ እንደገና ጻፊ፣ ልዩነቱን ለ60 አካፍይና በ8 አባዢው፣ በሰከንድ ስንት ቢት እንደሚያልፍ ይሰጥሻል። የተላከና የተቀበለ ለየብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ስሪ፣ አፕሎዱን በተለይ እንዳትዘይው።

ሰርቪስ_ቤት_ነዋሪ፦
ይቅርታ ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ፣ እኔ እራሴ ተከራይ ነኝ። አከራዬ እንደዚህ ቢያደርግ ምን እንደማይ ምን እንደምጽፍ ያያል ማለት ነው?

ኪሩቤል_ኔት፦
አያይም። አሁን አብዛኛው ድረገጽና አፕ የተመሰጠረ ነው። የራውተሩ ባለቤት ያንተ ስልክ ስንት ሜጋባይት እንደወሰደና ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደተገናኘ ማየት ይችላል፣ ለምሳሌ ዩቲዩብ ላይ እንደነበርክ ሊያውቅ ይችላል፣ የትኛውን ቪዲዮ እንዳየህ ወይ ቴሌግራም ላይ ለማን ምን እንደጻፍክ ግን ከራውተሩ አያገኝም። ቢሆንም የሰው ነገር ነውና ሊያ እንዳደረገችው ቀድሞ መንገር ነው ደጉ፣ እኔ ለስንት ሰው ቤት ሰርቻለሁ ሁሌም ባለቤቱን ለተከራይ ንገር ነው ምለው።

ጂጂ_አያት፦
ሌላ ራውተር ሳይገዛ ሚሰራ መንገድም አለ ኮ፣ ሁሉም የራሱን ስልክ ማየት ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብተሽ ዳታ ዩሴጅ ውስጥ የዋይፋይ ዳታ ሚል አለ፣ አፕ በአፕ ይነግርሻል። ሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽንስ ውስጥ ነው። ዊንዶውስም ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ውስጥ ዳታ ዩሴጅ ሚል አለው የ30 ቀኑን በየፕሮግራሙ ያወጣዋል። አይፎን ግን የሞባይል ዳታውን እንጂ የዋይፋዩን በአፕ ለይቶ አያሳይም፣ ያለው ሎው ዳታ ሞድ ነው፣ ለዛ ዋይፋይ ብቻ ማብራት ይቻላል።

ቴሌግራምን ደግሞ ለብቻው እዩት። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ስትገቡ በዋይፋይ ስንት እንደወሰደ ለቪዲዮ ለፎቶ ለፋይል ለይቶ አስቀምጦታል። እዛው ጋር አውቶ ዳውንሎድ አለ፣ ዋይፋይ ሲሆን ቪዲዮ ሳይነካ እራሱ እንዲያወርድ ተደርጎ ከሆነ ሃያ ቻናል የተቀላቀለ ሰው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ መስመሩን ይዞ ይውላል። እኛ ቤት እሱን ማጥፋት ብቻውን ትልቅ ለውጥ አምጥቷል

ሊያ_ጎሮ፦
ኪሩቤል ያልከውን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰራሁት። ዳውንሎዱ 4 ሜጋቢት አካባቢ ነው፣ ማለት ግማሽ እንኳን አልደረሰም!! አፕሎዱ ግን 1.9 ምናምን። ሦስቴ ደጋግሜ ሰርቼዋለሁ ያው ነው። ሰው ሁሉ ፊልም እያየ መስሎኝ ነበር፣ ሚሞላው ሚወጣው ነው እንዴ?

አባ_ኬብል፦
አገኘሽው! አፕሎዱ ሞልቷል። ለጀማሪ ይሄ ነው ሚከብደው ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሚያስበው ዳውንሎዱን ነው። አንቺ ቪዲዮ ስታወርጂ ስልክሽ በየመሃሉ «ደርሶኛል ቀጥል» ሚል ትንንሽ መልእክት ይልካል፣ ሚወጣው መንገድ ከተጨናነቀ ያ መልእክት ወረፋ ይይዛል፣ ላኪው ደግሞ መልስ እስኪመጣለት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዛ ነው 10 ሜጋሽ 4 ላይ ቆሞ ሚቀረው። ሚቲንግ ላይ ድምፅሽ ሚቆራረጠውም ሚወጣው ድምፅሽ ስለሆነ ነው። ለማረጋገጥ ላፕቶፕሽ ላይ ፒንግ አድርጊ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ሚለካ ትእዛዝ ነው)፣ ቀን ላይ ሚመጣውን ሚሊሰከንድና ማታ ሚመጣውን አወዳድሪው፣ ማታ በብዙ እጥፍ ከጨመረ መስመሩ ላይ ወረፋ አለ ማለት ነው።

አፕሎድ ሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ፎቶ ባካፕ፣ ቶረንት፣ ወይ ካሜራ ነው። አሁን የትኛው እቃ እንደሆነ ለማወቅ በእቃ ሚቆጥር ራውተር ያስፈልግሻል። ሰው ቤት የተቀመጠ አሮጌ ነገር የለም? ቲፒሊንክ 841 ሚባለው ርካሽ ራውተር እንኳን ቢሆን፣ ሲስተም ቱልስ ውስጥ ስታቲስቲክስ ሚል ገጹ በየአይፒው (ራውተሩ ለእያንዳንዱ እቃ ሚሰጠው ቁጥር ነው) ይቆጥራል፣ መጀመሪያ ኢኔብል ማድረግ ነው ሚፈልገው። ማይክሮቲክ ሚባለው ራውተር ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ነው።

ሊያ_ጎሮ፦
የአክስቴ ልጅ ካፌ ነበረው ዘግቶ ማይክሮቲክ ትንሿ ነጭ ሳጥን እሱ ጋር አለች አለኝ፣ ነገ አመጣለሁ። እንዴት ነው ማገናኘው?

አባ_ኬብል፦
ካፌ ውስጥ የተሰራበት ስለሆነ መጀመሪያ ሪሴት አድርጊው፣ የድሮው ሰውዬ ያስገባው ሴቲንግ ይረብሽሻል። ከዛ ካሁኑ ራውተር ላን ቀዳዳ ኬብል አውጥተሽ ማይክሮቲኳ ቁጥር 1 ላይ ሰኪው፣ አዲስ የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ስጪው፣ ያሮጌውን ዋይፋይ አጥፊው። ማጥፋቱ ግዴታ ነው፣ ካላጠፋሽው ግማሹ ሰው እዛ ይቀርና የነሱን አይቆጥርልሽም። ለመግባት ዊንቦክስ ሚባለውን የማይክሮቲክ ፕሮግራም አውርጂ ወይ ብሮውዘር ላይ 192.168.88.1 በይ። ቱልስ ውስጥ ቶርች ሚል አለ፣ ኢንተርፌሱን ብሪጅ (የቤቱን ኬብልና ዋይፋይ አንድ ላይ ሚይዘው) አድርገሽ ስታርት በይው፣ በዛች ሰዓት የትኛው አይፒ ስንት እየላከ ስንት እየተቀበለ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል።

ሊያ_ጎሮ፦
አረ ጉድ ነው። ሁሉንም ወደ አዲሱ አዛወርኩ፣ ቶርች ላይ እያየሁት ነው። አንደኛዋ ተከራይ 300 ኪሎቢት፣ ሌላኛው ፌስቡክ ነው መሰለኝ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል ከ1 ሜጋ አያልፍም፣ የኛ ቲቪ 2 ሜጋ አካባቢ። አፕሎዱ የሁሉም ተደምሮ ምንም አይሞላም። ኔትወርኩ ግን አሁንም ሙት ነው!! ያሮጌው ራውተር ገጽ ላይ ደግሞ አፕሎዱ ያው 1.9 ነው ሚለው

ኪሩቤል_ኔት፦
አሮጌው 1.9 እያለ ማይክሮቲኳ ምንም ካላየች በሷ በኩል ያላለፈ እቃ አለ ማለት ነው። አሮጌው ራውተር ጀርባ ላይ የተሰካ ሌላ ኬብል አለ? ሄደሽ እዪው

ሊያ_ጎሮ፦
አለ!! ጥቁር ኬብል፣ ከላይ ሳሎን በኩል ወደ ካሜራው ሳጥን ነው ሚሄደው። ግቢ በሩ ላይና ከኋላ ካሜራ አለን፣ ወንድሜ ዱባይ ነው ሚሰራው እሱ ነው ያስገጠመው፣ ማታ ማታ ከስራ ሲገባ ስልኩ ላይ ከፍቶ ያየናል። አሁን ደወልኩለት፣ ከፍቶት ነበር፣ ዝጋው ስለው ዘጋው አፕሎዱ ወዲያው ወደ 0.1 ወረደ ዩቲዩብም ተከፈተ። እማዬ አጠገቤ ሆና ነው ያየችው፣ ስለ ተከራዮቹ ምንም ሳትል ዝም አለች።

ግን እንዳያየን ማድረግ አልፈልግም። ብቻውን ነው ያለው፣ እማዬ ወጥታ አትክልት ስታጠጣ ማየት ይወዳል። ምን ይደረግ?

ዴይራ_ሃበሻ፦
እህቴ እኔም ዱባይ ነኝ አዲስ አበባ ያለውን ቤታችንን ማታ ማታ አያለሁ ስለዚህ የወንድምሽን ነገር በደንብ ነው ምረዳው። መፍትሄ አለው፣ አብዛኛው የካሜራ ሳጥን ለአንድ ካሜራ ሁለት ምስል ነው ሚያወጣው፣ ሜይን ስትሪምና ሰብ ስትሪም። ሜይኑ ጥራት ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሚቀዳው ነው፣ ሰቡ ትንሹ ለስልክ ተብሎ የተሰራ ነው። አፑ ላይ ቪዲዮው ስር ኤችዲ ሚል ወይ ክሊር ሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ኤስዲ ወይ ፍሉዌንት ያድርገው። ለስልክ ስክሪን ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ሁለቱን ካሜራ እኩል ኤችዲ ከፍቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ አስቀምጦ ወጥ ሚሰራ ከሆነ፣ እኔም እንደዛ ነው ማደርገው፣ ሁለት ካሜራ እያንዳንዱ 1 ሜጋ ቢወስድ ያንቺ 2 ሜጋ አለቀ።

ኪሩቤል_ኔት፦
ዴይራ ትክክል ነው። ሳጥኑ ውስጥም ኢንኮድ ሚለው ቦታ ገብታችሁ የሰብ ስትሪሙን ቢትሬት (በሰከንድ ሚልከውን መጠን) 256 ኪሎቢት አካባቢ አድርጉት፣ ሁለቱ ተደምረው ግማሽ ሜጋ ነው ሚሆኑት፣ የቀረው 1.5 ለሚቲንግሽ ይበቃል። በሂሳብ ደግሞ እዪው፣ 2 ሜጋ አፕሎድ ሙሉ ቀን ቢወጣ 21.6 ጊጋ ነው በቀን። ክላውድ ላይ ያለማቋረጥ ሚቀዳ ካሜራ ያላችሁ ሰዎች ይሄን አስቡበት፣ በተለይ በጊጋ ሚከፈል ሲም ራውተር ላይ ያላችሁ፣ ፓኬጁ በሳምንት ውስጥ ሚያልቀው በምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ካሜራውን መጀመሪያ እዩት።

ሊያ_ጎሮ፦
ኤስዲ አደረገው ሰርቷል፣ አሁን እሱም እያየን ነው እኔም ሚቲንግ ላይ ነበርኩ አልተቆረጠም። የካሜራውንም ኬብል ወደ ማይክሮቲኳ አዛወርኩት፣ ከውጪ ማየቱ አልተቋረጠም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቶርች አሁን ያለውን ብቻ ነው ሚያሳየው፣ በሳምንት ማን ስንት ወሰደ ሚለውን ለማየትስ? ሲምፕል ኪው ሚባል ለየአይፒው ፍጥነት ሚመድብና ሚቆጥር ነገር ዩቲዩብ ላይ አይቼ ለእያንዳንዱ አይፒ ሰራሁ ግን ቁጥሩ ከዜሮ ብዙም አይንቀሳቀስም

አባ_ኬብል፦
ፋስትትራክ ነው። ሪሴት ስታደርጊው አብሮ ሚመጣ ሴቲንግ ነው፣ ትራፊኩን በአቋራጭ ስለሚያሳልፈው ሲምፕል ኪው አያየውም። አይፒ ከዛ ፋየርዎል ከዛ ፊልተር ሩልስ ውስጥ ፋስትትራክ ኮኔክሽን ሚለውን መስመር ዲሴብል አድርጊው፣ ዲሊት አታድርጊው። ለ10 ሜጋ መስመር ማይክሮቲኳ ያለ ፋስትትራክ በደንብ ትችላለች። አይፒያቸው እንዳይቀያየርም ዲኤችሲፒ ሰርቨር ሊዝስ (ራውተሩ አይፒ የሰጣቸው እቃዎች ዝርዝር) ውስጥ እያንዳንዱን ሜክ ስታቲክ በይው፣ ከዛ ኪው ስታቲስቲክሱ ላይ በየሰው ይቆጥርልሻል። መብራት ሲጠፋ ይሄም ዜሮ ይላል ስለዚህ ማታ ማታ ስክሪንሾት አንሺ፣ ወይ ለሁለቱ ራውተሮች ትንሿን የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሚያቆያቸው ባትሪ) ግዢላቸው።

ሊያ_ጎሮ፦
ሰራ! ቁጥሩ እየሄደ ነው 🙏 ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዩፒኤሱን መርካቶ አጠያይቃለሁ፣ ስንት ቮልት እንደሚፈልጉ ከራውተሮቹ አዳፕተር ላይ ነው ማየው አይደል?

አባ_ኬብል፦
አዎ፣ አዳፕተሩ ላይ አውትፑት ሚለውን እዪ። ያሮጌው 12 ቮልት ሊሆን ይችላል ማይክሮቲኳ ትንሿ ከሆነች ደግሞ በ5 ቮልት ዩኤስቢ ነው ምትሰራው፣ ስለዚህ ሁለቱም መውጫ ያለውን ዩፒኤስ ጠይቂ፣ 12ቱን እሷ ላይ እንዳትሰኪ።